ማያን ከነድምፁ መቅረጽ፤ ስለ አንድ ስያሜ የቀረበ ሂስ

በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ ላይ የሚታየውን እንቅስቃሴ ከነድምፁ ይዞ ማስቀረት ዛሬ የመምህሩም የጋዜጠኛውም የዘወትር ሥራ ሆኗል። ለዚህ ተግባር በአማርኛ ምናሌዎችና መመሪያዎች «የማያ ቀረጻ»፣ «የማያ ገጽ ቀረጻ» የሚሉ ስያሜዎች ይታያሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ «ቀረጻ»፣ «ማያ» እና «ድምፅ» የተባሉትን ሦስት ቃላት በየተራ እንመረምራለን።

«ቀረጸ» በግእዝ እንጨትን ወይም ድንጋይን ጠርቦ ቅርጽ ማውጣትን ያመለክታል። ቃሉ ወደ ድምፅ የተሻገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሸክላ ላይ ሙዚቃ ይቀመጥ የነበረው በእርግጥም ፈለግ እየተፋቀ ነውና። «መቅረጸ ድምፅ» ከተባለ በኋላ «የማያ ቀረጻ» ማለት የተፈጥሮ እድገቱ ነው። የሕዝቡ ንግግር ግን «ቀዳ»ንም ይጠቀማል፤ አንዳንድ መመሪያዎችም ሁለቱን ግሦች ያለ ልዩነት ያፈራርቋቸዋል። ይህ ሊታረም ይገባል እንላለን። ውሃ ከምንጭ፣ ካሴትም ከካሴት እንደሚቀዳ ሁሉ «መቅዳት» አስቀድሞ ካለው ነገር መውሰድን ያሳስባል። ስለዚህ በማያ ላይ የሚያልፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ መያዝ «መቅረጽ»፣ የተያዘውን ማባዛት ደግሞ «መቅዳት» ቢባል ቋንቋው ያለውን ሀብት በሥርዐት ይጠቀምበታል።

«ማያ» ከ«አየ» የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። «የቴሌቪዥን መስኮት» የሚለው ነባር አነጋገር እያለ አዲስ ቃል ለምን አስፈለገ የሚሉ አሉ። መልሱ በተግባሩ ውስጥ ይገኛል። አብዛኞቹ የመቅረጫ ፕሮግራሞች ሁሉን ወይም በውስጡ የተከፈተውን አንድ መስኮት ብቻ ለመቅረጽ ያስመርጣሉ። ሁለቱንም «መስኮት» ካልን ምርጫው ትርጉም ያጣል። ሆኖም «ማያ ገጽ» የሚለው ጥምር አላስፈላጊ ነው፤ «ገጽ» በ«ድረ ገጽ» ሌላ ሥራ ይዟልና። «ማያ» ብቻውን ይበቃል።

ዋናው ችግር ግን ማንም ባልተጠራጠረው ቃል፣ በ«ድምፅ» ላይ ነው። አማርኛ የሰውን ንግግርም የዕቃን ኳኳታም በዚሁ ቃል ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አንድሮይድ 11 በውስጡ ባካተተው መቅረጫ ሦስት ምርጫ ያቀርባል፤ በማይክሮፎን የሚገባውን፣ ከመሣሪያው የሚወጣውን፣ ወይም ሁለቱን። እንግዲህ ተርጓሚው «ድምፅ ቅረጽ» ብሎ ቢያልፍ ተጠቃሚው የትኛውን እንደ መረጠ በምን ያውቃል? ትምህርት የሚያዘጋጅ መምህር ማብራሪያው የሌለበት ቀረጻ ሊያገኝ ይችላል። ከዚህ የሚከፋውም አለ፤ የመሣሪያውን ሙዚቃ ብቻ የቀረጸ የመሰለው ሰው በቤቱ የተነገረውን ሁሉ ጨምሮ ለሌሎች ሊልክ ይችላል። ይህ የትርጉም ጉድለት የሰውን ምስጢር የሚያወጣ ነው።

አንዳንዶች «ኦዲዮ» በማለት ችግሩን ለማለፍ ይሞክራሉ። የተውሶው ቃል ግን ምንጩን ስለማይለይ ጥያቄውን እንዳለ ይተወዋል። «ውስጣዊ ድምፅ» የሚለውም አይበጅም፤ አንባቢውን ወደ ኅሊና ይወስደዋልና። የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ «የመሣሪያው ድምፅ»፣ «የማይክሮፎን ድምፅ»፣ «ሁለቱም ድምፆች»። በዚህ ተግባር «ድምፅ» ያለ ባለቤት ብቻውን መቆም የለበትም።

በመጨረሻ ተርጓሚያን ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ የሰዋስው ነጥብ አለ። «ማያን ከነድምፁ መቅረጽ» ስንል ቅጥያው «ኡ» ድምፁን የማያው ያደርገዋል፤ የተናጋሪው ድምፅ በዚህ አይጠቃለልም። ስለዚህ ማብራሪያ የታከለበትን «ከተናጋሪው ድምፅ ጋር» ማለት ይገባል። በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የተዘጋጀው ድምፅ በካሴት በሚቀረጽበት ዘመን ነበር። ተተኪውን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ለቃላቱ አቻ ከመፈለጋቸው በፊት የመሣሪያውን አሠራር እንዲመረምሩ እናሳስባለን፤ «ድምፅ ቅረጽ» ያሳሳተው ቃሉ ጠፍቶ ሳይሆን የማን ድምፅ መሆኑ ሳይጠየቅ በመቅረቱ ነው።