ጉራጊኛው የት ገባ?

የሰርግ ኪቦርድ ስክሪን የአማርኛ ፊደል አያውቅም። ስለዚህ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ድንኳን ውስጥ የሚጫወት ኪቦርዲስት ራሱ የሠራውን ስታይል የሚሰይመው በላቲን ፊደል ነው፤ ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል። የመጀመሪያውን «ጉራጊኛ» ይለዋል። ከወር በኋላ ያሻሻለውን «አዲስ ጉራጊኛ» ብሎ ያስቀምጣል። ጓደኛው በፍላሽ የሰጠው ደግሞ «ፈጣን ጉራጊኛ» ተብሎ ይመጣል። መሣሪያው የሚደረድረው በፊደል ተራ በመሆኑ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከመሐል፣ ሦስተኛው ከታች ይቀራል። «ቅልቅል»ስ በ«ኬ» ነው ወይስ በ«ኪው» የተጻፈው? ሙሽሮቹ ገብተው፣ ሚዜው ጆሮው ሥር «ጉራጊኛ! ጉራጊኛ!» እያለ ሲጮህ፣ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ይንከራተታል። ጭብጨባው ግን አይጠብቀውም።

ስታይል ወይም በተለምዶ «ቢት» የሚባለው ዜማውን ከኋላ የሚያጅበው የተቀዳ ምት ነው። በያማሃ ኪቦርዶች 8 ክፍሎች አሉት፤ 2 የከበሮ፣ 1 የቤዝ፣ 2 የኮርድ፣ 1 ረጅም ድምፅ የሚያነጥፍ ፓድ፣ 2 ደግሞ አጫጭር የዜማ ሐረጎች። ግራ እጅ ኮርድ ሲይዝ ሁሉም ተከትለው ይሄዳሉ፤ ቀኝ እጅ ዜማውን ይጫወታል። ፋብሪካው ፖፕ፣ ሮክ፣ ላቲን፣ ባላድ እያለ በየወገኑ የደረደራቸው ብዙ ስታይሎች አብረው ይመጣሉ። የጉራጌን ጭፈራ የሚያነሳ ምት ግን እዚያ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ባለሙያው ራሱ ይሠራዋል።

አንጋፋው ድምፃዊ ማሕሙድ አሕመድ ጉራጊኛ ሲዘፍኑ ከኋላቸው ድራመር፣ ቤዚስት፣ ጊታሪስትና ነፋሾች ነበሩ። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘሮችን ብቻቸውን ደራርበው ካሴት ሠሩ። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም ሰማቸው። ስቱዲዮ ውስጥ የተሳሳተ ይደገማል። ድንኳን ውስጥ ድጋሚ የለም፤ ስለዚህ የሰርግ ኪቦርዲስት ባንዱን በሙሉ አስቀድሞ ሠርቶና አደራጅቶ መሄድ አለበት።

ጉራጊኛ ሲሠራ ብዙ ጀማሪ ከከበሮው ይነሳል። ከጭብጨባው መነሳት ይሻላል። ጨፋሪው እግሩን የሚያነሳው በጭብጨባው ነው፤ ከበሮው ያንን ይደግፋል እንጂ አይመራውም። ጭብጨባው መጀመሪያ ይቀዳል፣ ከዚያ ወፍራሙ የከበሮ ድምፅ፣ ቀጥሎ ቀጭኑ። የከበሮ ድምፅ ከሌለው መሣሪያ ላይ ኮንጋና ቶም ዝቅ ተደርገው ተቃኝተው ይተካሉ። አንድ ባር ብቻ ቀድቶ ማዞር ያጓጓል፤ ሆኖም ጆሮ ቶሎ ይሰለቸዋል። 4 ባር ሆኖ በአራተኛው ላይ አንዲት ጭብጨባ ቦታዋን ብትለቅ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ያለ ይመስላል።

አስቸጋሪው ከበሮው አይደለም፣ ኮርዱ ነው። ስታይል ሲቀዳ መሣሪያው የሚነሳው ከሲ ሜጀር ሰባተኛ ኮርድ ነው። የተጫነው ኮርድ ሲለወጥም ሦስተኛውን ድምፅ እያነሳና እየጣለ ራሱ ያስማማል። የእኛ ቅኝቶች ግን ለዚህ ልማድ አይገዙም። አምባሰልን ከሲ ብንጀምር ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው፤ ሜጀርም ሆነ ማይነር የሚያሰኝ ሦስተኛ ድምፅ የለውም። ግራ እጅ ሙሉ ሜጀር ኮርድ ከያዘ ከቅኝቱ ውጪ የሆነ ኢ ይወጣል፤ ዘፋኙም ዞር ብሎ ያያል። መፍትሔው መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ መያዝ ነው፤ ኪቦርዱ ይህን እንደ አንድ ኮርድ ያውቀዋል። አንቺሆዬ ላይ ይህም አይሠራም፤ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ሲሆን አምስተኛዋ ጂ በቦታዋ የለችም። እዚህ መነሻውን ከኦክታቩ ጋር ብቻ መያዝ፣ ሁለቱን የኮርድ ክፍሎች፣ ፓዱንና የዜማ ሐረጎቹን መዝጋት ይበጃል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምት ሁለት ቅጂ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ አንድ ሙሉ፣ አንድ ደግሞ ከበሮና ቤዝ ብቻ ያለበት። በስሙ መጨረሻ ላይ የምትጨመር አንዲት ፊደል ሁለቱን ትለያቸዋለች።

አደረጃጀቱስ? ፋብሪካው በሙዚቃ ወገን ይከፋፍላል። ሰርግ ግን በወገን አይሄድም፤ በሰዓት ነው የሚሄደው። የሙሽሮች መግቢያ፣ እንግዳው ሲበላ የሚሰማ ለስለስ ያለ ትዝታ፣ ከዚያ ችክችካ፣ ከዚያ ጉራጊኛ፣ ማታ ላይ የወጣቶቹ። ፎልደሮቹም ይህን ተራ ቢይዙ ይመረጣል፤ ከስማቸው በፊት 01፣ 02፣ 03 እየተባለ። ዜሮዋ እንዳትዘነጋ፤ ያለ እርሷ 10 ከ2 ቀድሞ ይሰለፋል።

ጉራጊኛውን በአንድ ፎልደር ማጨቅም ስሕተት ነው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ የሰባት ቤት ጉራጌ መናኸሪያ ናት፤ ቸሃው፣ እዣው፣ እነሞሩ በየራሱ አነጋገር የተዘፈነውን ይጠይቃል። ከዘቢዳር ተራራ ወዲያ ያለችው ቡታጅራ የመስቃን አገር ናት፤ ክስታኔውም ስልጤውም ጎረቤት ነው። ቅዳሜ እዚህ፣ እሑድ እዚያ የሚጫወት ሰው «ጉራጊኛ 1» እና «ጉራጊኛ 2» የሚሉ ስሞች አይበቁትም። ስታይሉ ለየትኛው ዘፈን እንደተሠራ፣ ዘፋኙ የሚወደው ፍጥነት ስንት እንደሆነ ስሙ ላይ ቢጻፍ፣ ሚዜው በሚጮህባት በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ለማሰብ አይገደድም።

ስታይሉ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ለማታው ተሰናድቶ የሚቀርበው ሬጅስትሬሽን ነው። በአንዲት ቁልፍ ስታይሉ፣ ፍጥነቱ፣ የቀኝ እጁ ድምፅና ለዘፋኙ የተስተካከለው ትራንስፖዝ አብረው ይመጣሉ። ፍሪዝ የተባለውን ተግባር የሚያውቅ ደግሞ ምቱን ሳያቋርጥ ድምፁን ብቻ ይለውጣል። ጉራጊኛ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ሳይቆም ስለሚሻገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ሬጅስትሬሽኑ ስታይሉን የሚያስታውሰው በአድራሻው ነው። ፎልደሩን ስም የቀየረ ወይም ፋይሉን ያዛወረ ሰው ድንኳን ውስጥ ቁልፉን ሲጫን የጠበቀው ምት አይመጣለትም። ስለዚህ በሰርግ ወራት ፋይል አይነካም።

የመነካካቱ ጊዜ ጾም ነው። ጥር በሰርግ ይጨናነቃል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሞንታርቦው ዝም ይላል፤ 55ቱ ቀናት ለፍላሽ ጽዳት ይበቃሉ። ቡታጅራ ለሙስሊም ቤተሰብ የሚጫወተው ደግሞ የሥራ ወራቱን በረመዳንና በአረፋ ዙሪያ ያሰላል። በመስከረም መስቀል፣ በአረፋም ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሕዝብ አገሩን ይሞላዋል። ያን ጊዜ ፋይል ማስተካከል አይታሰብም።

በጽዳቱ ወቅት ከሰው የተገኘው ከራስ ሥራ ይለያል። ከአዲስ ኪቦርድ የተቀዳ ስታይል አሮጌው ላይ ላይከፈት ይችላል። ቢከፈትም ባለቤቱ የጫነው የከበሮ ድምፅ ከስታይሉ ጋር አይመጣም፤ ሌላ ድምፅ ይተካዋል ወይም ቦታው ባዶ ይቀራል። እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው ማድመጥ ግድ ነው። መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠ ሥራ ሁሉ አብሮ ይሄዳልና የተስተካከለው ወዲያው ይቀመጣል፤ ሁለተኛ ፍላሽ ላይም ይገለበጣል። ሁለተኛው ፍላሽ የኪቦርዱ ቦርሳ ውስጥ መሆን የለበትም፤ ቦርሳው ከጠፋ ሁለቱም ይጠፋሉና።

ከሁሉም ፎልደሮች በኋላ 99 ተብሎ የሚቀመጥ አንድ አለ። ስሙ «የጎደለ» ነው። እንግዳ የጠየቀው፣ ኪቦርዲስቱ ግን ያልነበረው ዘፈን ሁሉ እዚያ ባዶ ስታይል ሆኖ በስሙ ብቻ ይመዘገባል። አንዳንዴ የጓሮ ሴቶች ድስት ጥደው ሲያጨበጭቡ በስልክ የተቀዳ 20 ሰከንድ ድምፅ አብሮት አለ። ጾሙ ሲገባ መጀመሪያ የሚከፈተው ይኸው ፎልደር ነው፤ ስልኩ ከኪቦርዱ አጠገብ ይቀመጥና የሴቶቹ ጭብጨባ ደጋግሞ ይደመጣል፣ የመጀመሪያውም ባር ይቀዳል።