የቅባት አሲድና የደም ሥር ማቆጥቆጥ፦ ስለ ሁለት የሕክምና ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላትን ቃል በቃል መተርጐም የሚያስከትለውን ጉድለት ለማሳየት አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። «በምግብ ውስጥ የሚገኙ የስብ አሲዶች የዕጢን የደም ሥር ዕድገት ይለውጣሉ» ቢባል፣ በሰዋስው በኩል ነቀፋ የለበትም። ይሁንና በጎጃም ደምበጫ ገበያ ኑግ የምትሸጥ እናት ይህን ብትሰማ የምትረዳው ነገር ተመራማሪው ካሰበው እጅግ የራቀ ነው።

ለርሷ «ስብ» ማለት ጮማና ሞራ፣ በጾም የማይቀመስ ፍስክ ነው። ምርምሩ ግን ከእህል የሚገኘውንም በሰፊው ይመለከታል። በቅባ ኑግ ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ በተልባ ዘይት ደግሞ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ግማሽ ያህሉን ይይዛል። የመጀመሪያው በሰውነት ውስጥ ወደ አራኪዶኒክ አሲድ፣ ከዚያም ወደ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ሊለወጥ ይችላል፤ ይህም የደም ሥርን የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖች እንዲመነጩ ይገፋፋል። የኦሜጋ 3 ወገን የሆኑት፣ በተለይም በዓሣ ዘይት የሚገኙት፣ በሕዋስና በእንስሳት ሙከራ ሂደቱን ሲገቱ ታይተዋል። ስለዚህ «ስብ» የሚለው ስያሜ ወይ ኑጉንና ተልባውን ከነገሩ ያስወጣል፣ ወይ ኑግን ፍስክ ያስመስላል። «የቅባት አሲድ» ቢባል ግን ሁለቱንም ወገን ያቅፋል። በጎጃም «ቅባት» በነገረ መለኮት ክርክርም የታወቀ ቃል መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን «የቅባት እህል» ሲባል የሚሳሳት የለም።

ሁለተኛው ጉድለት «የደም ሥር ዕድገት» ነው። ነባሩ ሥር ወፈረ ወይስ አዲስ ተጨመረ? ጁዳ ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረቡት ሐሳብ፣ የነቀርሳ ዕጢ አዲስ የደም ሥር ካላገኘ ከ1 ወይም ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም ሊያልፍ አይችልም የሚል ነበር። አዲሶቹ ሥሮች በአብዛኛው ከነባሮቹ ጎን ይወጣሉ። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ሲያወጣ ገበሬው «አቆጠቆጠ» ይላል፤ ከዘር የወጣውን ግን «በቀለ» ይለዋል። እንግዲህ «ማቆጥቆጥ» ከነባር ሥር ለሚወጣው፣ «መብቀል» በፅንስ ውስጥ እንደ አዲስ ለሚፈጠረው ቢመደቡ፣ ሳይንሱ የሚለያቸው ሁለት ሂደቶች በአማርኛም ይለያሉ። «ሥር ይሰዳል እንጂ አያቆጠቁጥም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም «ሥር የሰደደ» የሚለው አነጋገር ለቆየ በሽታ ተይዟል።

በመጨረሻም «ይለውጣሉ» የሚለው ግስ ከማስረጃው በላይ ይናገራል፤ በሰው አመጋገብ ረገድ ጉዳዩ ገና አልተቋጨምና። «ዕጢ»ም ለጤናማ የሰውነት ክፍል ጭምር ስለሚነገር መለያ ያሻዋል። ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ ቢታረም ይሻላል፦ «በምግብ የሚገኙ የቅባት አሲዶች በነቀርሳ ዕጢ ውስጥ የደም ሥርን ማቆጥቆጥ እንደየዓይነታቸው ሊያፋጥኑ ወይም ሊገቱ ይችላሉ።» ለታመመ ሰው ምግብ የሚመርጥ ቤተሰብ ይህን አንብቦ ኑጉን ከማድ ቤት አውጥቶ አይጥልም፤ ተልባውንም መድኃኒት ነው ብሎ ሕክምናውን አይተውም።