የተቀዳው ጣት እና የሚታረመው ምት

«ኪቦርድ ዘፈናችንን ገደለው» የሚለው ወቀሳ ካለፈው ክፍለ ዘመን ሰማንያዎቹ ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። የነሐስ መሣሪያዎቹ ጓድ በአንድ ሰው ጣቶች ሲተካ፣ ከበሮውም በማሽን ሲመታ የሰማ አድማጭ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ወቀሳው ተከሳሹን በሚገባ የለየ አይመስልም። ብዙው ጥፋት የሚፈጸመው ቁልፉ በሚመታበት ጊዜ ሳይሆን፣ ከተመታ በኋላ የተቀዳው በሚታረምበት ጊዜ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት ትእዛዝ።

ኪቦርድ በሚዲ ሲቀዳ የሚይዘው ድምፅ አይደለም፤ የጣትን ሥራ ነው። የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ ምን ያህል በኃይል እንደወረደ፣ መቼ እንደተነካና መቼ እንደተለቀቀ፣ ፔዳሉ መቼ እንደተረገጠ በተራ ይመዘገባል። እያንዳንዱ መዝገብ «ኢቨንት» ይባላል። «ኩነት» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ስቱዲዮ ውስጥ ግን «ኢቨንት» ካላሉት ቀና ብሎ የሚያይ የለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካው ሴኩዌንሻል ሰርኪትስና የጃፓኑ ሮላንድ ኪቦርዶቻቸውን በገመድ አገናኝተው በአደባባይ ካሳዩ ወዲህ ይህ አመዘጋገብ የኩባንያዎቹ ሁሉ የጋራ ቋንቋ ሆኗል።

ይህ መዝገብ እንደሚታማው ደነዝ አይደለም። አንዱን ምት በ480 ቅንጣት የሚከፍል ኪቦርድ ብንወስድ፣ በደቂቃ 100 ምት በሚሄድ ዘፈን አንዱ ቅንጣት ከሰከንድ አንድ ሺህኛ እምብዛም አይበልጥም። ትዝታ የሚጫወት ሰው ሐረጉን ሊዘጋ ሲል ጣቱን ትንሽ ቢያዘገይ፣ መዘግየቱ እንዳለ ይጻፋል። ማሽኑ ምንም አላጠፋም።

የሚያጠፋው «ኳንታይዝ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ሥራው የተመቱትን ኖታዎች በሙሉ እየጎተተ እኩል በተሰመረ መስመር ላይ ማስቀመጥ ነው። መስመሩ በትክክል ካልተመረጠ ምን እንደሚሆን ለማየት ችክችካን መመልከት ይበቃል። በችክችካ አንዱ ምት በሦስት ይከፈላል፤ በቅንጣት ሲቆጠር ኖታዎቹ በ0፣ በ160 እና በ320 ላይ ይወድቃሉ። አቀናባሪው መስመሩን ለአራት ክፍል ካዘጋጀው ግን ሁለተኛው ኖታ ወደ 120፣ ሦስተኛው ወደ 360 ይሳባል። መካከሉ ይለጠጣል፣ ዳርና ዳሩ ያጥራል። እያንዳንዱ ኖታ የተነቀነቀው የሰከንድ ሃያኛ ያህል ብቻ ነው፤ ትከሻ ግን ወዲያው ያውቀዋል። በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ የሠርግ አዳራሽ፣ እስክስታ ሊወርድ ተነሥቶ ምቱ እግሩን የያዘው ሰው ስሕተቱን ከራሱ እንጂ ከዚህ አይፈልገውም። መስመሩ በትክክል ለሦስት ቢሰመርም ነገሩ አያልቅም፤ የክራር መቺ እጅ ምትን በእኩል ሲሶ አይከፍልምና።

ከዚህ ተነሥቶ አርትዖት ራሱ ይቅር ማለት ሌላ ስሕተት ነው። ጣት አዳልጦት የነካውን ቁልፍ መሰረዝ፣ ሳይታሰብ የጮኸውን ኖታ ኃይሉን ከ110 ወደ 80 ዝቅ ማድረግ፣ የባሱን አንድ የዘገየ ኖታ ብቻ ለይቶ ማስጠጋት፣ ይህ ሁሉ የጥሩ አራሚ ሥራ ነው። ኳንታይዙም ቢሆን በብዙ ኪቦርዶች በመቶኛ የሚመጠን ነው፤ በ50 ከታዘዘ ኖታውን ግማሽ መንገድ ወስዶ ይተወዋል። መቶ ላይ አድርጎ ዘፈኑን በሙሉ ማስኬድ የሚቀለው ሌላው ጆሮ ስለሚጠይቅ ነው።

በቅኝት በኩልም እንዲሁ። አንቺሆዬ በክራርና በማሲንቆ ሲቃኝ፣ በ12 እኩል ክፍል ከተከፈለው ቁልፍ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ድምፅን ማጠፊያው፣ ማለትም ፒች ቤንድ፣ 16,384 ደረጃዎች ስላሉት ኖታውን ወደ ቦታው ማምጣት ይቻላል። ችግሩ መታጠፉ የዚያን ቻናል ኖታዎች በሙሉ ይዞ መሄዱ ነው፤ ስለዚህ ዜማው የራሱ ቻናል ይሰጠውና እጥፋቱ ኖታ በኖታ ይጻፋል። አሰልቺ ነው፤ ስለዚህም የሚሠራው ጥቂት ሰው ነው።

ማሽን ራሱ ጥፋተኛ አለመሆኑን ለማስረዳት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ብቻቸውን የሠሩት ካሴት ይበቃል። ከበሮው የማሽን ነው፤ ዝንፍ አይልም። በላዩ የሚንሳፈፈው አኮርዲዮን ግን ሲያሰኘው ይቀድማል፣ ሲያሰኘው ይዘገያል፤ የደረቀው ምት የሰውየውን ትንፋሽ ይበልጥ አጉልቶት እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም አዲስ አድማጭ ማግኘቱ አያስገርምም።

በሌላው ዳር የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እኒህ መነኩሲት፣ ሐረጉ በሚጠይቀው ልክ ጊዜውን ሲለጥጡና ሲሰበስቡ ይሰማሉ፤ ቆጣሪ አስቀምጦ ሊከተላቸው የሚሞክር ብዙ ሳይቆይ ይስታል። የእሳቸው ዓይነት አጨዋወት በሚዲ ቢቀዳ መዝገቡ በታማኝነት ይይዘዋል። ኳንታይዝ በመቶ ቢታዘዝበት ደግሞ ኖታዎቹ አንድም ሳይጎድሉ ሙዚቃው ይጠፋል።

አንድ የሚዲ ዘፈን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት አሥር ኪሎባይት አይበልጥም፤ ሳይታረም የተቀዳውን በሌላ ስም ማስቀመጥ ወጪ የለውም። ታርሞ በዚያው ስም ከተቀመጠና ኪቦርዱ ከጠፋ በኋላ ግን፣ ተጫዋቹ የት ላይ እንደዘገየ የሚናገር መዝገብ አይኖርም።