ዶርቼስተር ደራሲ አላት፤ ፍኖተ ሰላምስ?

ስለ ክፍለ ሀገር ከተሞቻችን የሚጻፉ መግለጫዎች አብዛኛውን ጊዜ በኪሎ ሜትር ይጀምራሉ። ከአዲስ አበባ ይህን ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል ይህን ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች ይሉና የአብያተ ክርስቲያናቱን፣ የትምህርት ቤቶቹንና የሆቴሎቹን ቁጥር ዘርዝረው ያበቃሉ። አንባቢው ከተማዪቱ የት እንዳለች ያውቃል፤ ሰዎቿ በምን እንደሚኖሩ፣ ማን በማን ላብ እንደሚከብር ግን አያውቅም። ይህን የሚነግረን ልብ ወለድ ነው ባይ ነኝ። ለዚህም ሁለት መጻሕፍትን ጎን ለጎን ላቅርብ።

በደቡብ እንግሊዝ ዶርቼስተር የምትባል የገበያ ከተማ አለች። በአቅራቢያዋ የተወለደው ቶማስ ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው «የካስተርብሪጅ ከንቲባ» ስሟን ለውጦ ሥሏታል። ባለታሪኩ ሄንቻርድ በስካር መንፈስ ሚስቱን ገበያ ላይ የሸጠ የድርቆሽ ሠራተኛ ነው። ኋላ የእህል ነጋዴ፣ ከዚያም ከንቲባ ይሆናል። ውድቀቱንም የሚያፋጥነው ያው እህል ነው። የሰማይን ነገር አውቃለሁ የሚል ሰው አዝመራው ዝናብ እንደሚመታው ቢነግረው እህል በገፍ ይገዛል። ፀሐይ ስትወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ደንግጦ በኪሳራ ይሸጣል፤ ዝናቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ምዕራፍ ለቡሬ ገበሬ ብናነብለት ማብራሪያ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ማንኩሳ አለች። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ የሚወለደው እዚያ ነው። ይሁንና ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ይህ ልጅ ማንኩሳ ላይ አይቆይም። ትምህርቱ ወደ ዲማ ይወስደዋል፤ ፍቅሩም ወደ አዲስ አበባ ያሰድደዋል። በሃርዲ መጽሐፍ ሰው ወደ ከተማዪቱ ይመጣል፤ በሐዲስ መጽሐፍ ግን ከትውልድ ቀዬው ይወጣል።

ሐዲስ የገበሬውን ነገር ዘንግተዋል ማለቴ አይደለም። ባላገሮቹ በአበጀ በለው መሪነት ፊታውራሪ መሸሻን የሚገጥሙበት ክፍል የገበሬው ድካም ለማን ይውል እንደነበር ከብዙ የታሪክ መጻሕፍት ይልቅ አጥርቶ ያሳያል። ነገር ግን የታሪኩ ጥል በባላገርና በጌታ መካከል ነው፤ በሻጭና በገዢ መካከል አይደለም። ዘመኑም እንደዚያ ነበርና ደራሲው አይወቀሱም። ኋላ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጌታውን አነሣው፤ ገበያው ግን ቀረ። ያን ገበያ ማን ጻፈልን?

ቡሬን እንይ። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር መንገድ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ከሚሄደው መንገድ ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። የአካባቢው በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ ከገበሬው እጅ ወጥቶ በነጋዴ፣ በደላላ፣ በሚዛን ያዥና በጫኝ አውራጅ እጅ ያልፋል። በአንድ የገበያ ቀን ስንት ሄንቻርድ ከብሮ ስንቱ ይከስራል!

የፍኖተ ሰላም ስም እንኳ የመንገደኛ ስም ነው። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ «የሰላም መንገድ» የተባለችው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በጎጃም ከማለፋቸው ጋር ተያይዞ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ስሟ በዓለም ዜና የተሰማው በአየር ጥቃት ሰዎች ስለሞቱባት ነበር። ዜናውን የሰማ ሩቅ ሰው ስለ ከተማዪቱ ሌላ ምን ያውቅ ነበር? ሕይወቷ ያልተጻፈላት ከተማ ሞቷ ሲነገር ቁጥር ብቻ ይሆናል።

ዶርቼስተር እ.ኤ.አ. በ1931 ለሃርዲ ሐውልት አቆመችለት፤ ሄንቻርድ ይኖርበት ነበር በሚባለው ቤት ላይም ጽሑፍ ለጥፋለች። ጨርሶ ላልነበረ ሰው! እኛ ከሐውልቱ በፊት መጽሐፉ ይቅደምልን። የዳሞት ወጣት ጸሐፊዎች ሆይ፣ ኪሎ ሜትሩን ለመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ተዉለትና የገበያውን ቀን ጻፉልን።