«ደም መጣጭ» ወይስ «ደም አደር»? በአንድ ስያሜ ላይ የቀረበ ሒስ

ፒያሳ ውስጥ «ዶሮ ማነቂያ» ሲባል የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ፍች አይጠይቅም፤ «አነቀ» ከሚለው ግሥ፣ «ማ» ከፊት «ያ» ከኋላ ተጨምሮበት የቦታ ስም ወጥቷል። ከሰፈሩ ቤቶች ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ቢፈርሱም ስሙ ከነፍቹ አለ። በዓሣና በገበሎ አስተኔ ደም ውስጥ ለሚኖሩት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት የሚታሰቡት ስያሜዎች ግን እንዲህ አልቀናቸውም።

በመጀመሪያ «ደም መጣጭ» የሚለውን እንመርምር። ደም የሚመጠው አልቅቱ ነው። ዳኒሌቭስኪ በ1885 እ.ኤ.አ. ከኤሊ ደም አግኝቶ የገለጸው ሄሞግሬጋሪና በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያድራል፤ ከኤሊ ወደ ኤሊ የሚያደርሰው አልቅት ነው። ስያሜው እንግዲህ ተሸካሚውንና ሸክሙን አንድ አድርጎ፣ ዓሣ አርቢው የትኛውን መከላከል እንዳለበት ያሳጣዋል።

«ተሕዋስ» የሚለውም እንከን አያጣውም። በግእዝ «ተሐዋሲ» ተንቀሳቃሽ ማለት ነውና በምድር የሚሳበውንም ይጨምራል፤ «የተሳቢ እንስሳት ተሕዋስያን» ስንል ግእዝ ዐዋቂው ባለቤቱን ከእንግዳው አይለይም። ዳሩ ግን ልማድ ያጸናውን አንሟገትም።

ከሁሉ የሚከፋው «የአዞ ወባ» ነው። የወባ ወገን የሆነው ፕላስሞዲየም በእንሽላሊቶች ደም ስለሚገኝ «የእንሽላሊት ወባ» ቢባል ያስኬዳል። በናይል አዞ ደም የሚገኘው ሄፓቶዞን ግን ሌላ ወገን ነው፤ አዞው የሚያዘው በንክሻ ሳይሆን የተበከለውን የገንዲ ዝንብ በመዋጥ ነው። «ወባ» የተባለለት ተማሪ ንክሻ ሲፈልግ ይውላል። በዓሣ ደም ፈሳሽ ውስጥ የሚዋኘውን ትሪፓኖሶማም «የዓሣ ገንዲ» ማለት አይገባም፤ ገንዲ የበሽታ ስም ሲሆን፣ ዓሣው ብዙውን ጊዜ ሳይታመም ይሸከመዋልና።

በኛ አስተያየት «ደም አደር» የተሻለ ነው፤ በቀይ ሕዋስ ውስጥ ለሚኖረው ደግሞ «ሕዋስ አደር»። «አደር» በ«አርሶ አደር»ና በ«ወዝ አደር» እንደምናየው መተዳደሪያን ያመለክታል፤ ማደርንም ያስታውሳል። ወዝ አደሩ በዚህ ዝምድና ቅር ቢሰኝ አንፈርድበትም። የወገን ስሞቹ ግን እንዳሉ ይጻፉ፤ «ሄፓቶዞን»ን «የጉበት እንስሳ» ብሎ መተርጐም በደም ውስጥ የሚፈልገውን ተማሪ ጉበት ላይ ያስቀረዋል።