«ኧረ መላ መላ» እና የተሰማበት ሸክላ

የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በተማሪዎች መካከል በተነሣ ቍጥር፥ ዘፈኑ የአሜሪካኖች ሪትም ኤንድ ብሉዝ አማርኛ ለብሶ ነው የሚል ወገን አይጠፋም። ይህን አሳብ እኔም ይዤው ነበር፤ ዛሬ ግን ፍርዱ የችኰላ ሆኖ አገኘዋለሁ።

መነሻ የለውም ማለቴ አይደለም። ቤዝ ጊታሩ አንዱን ሐረግ ሳይሰለች ይመላልሰዋል፤ ሳክስፎኖቹም ለዘፋኙ ይመልሱለታል። የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ በራዲዮና በሸክላ፥ በአስመራም ቃኘው ሰፈር ከነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ዘንድ ወደ ዘፋኞቻችን ጆሮ መድረሱ የታወቀ ነው። አለማየሁ እሸቴን የሰማ ሰው ይህን አይክድም። ነገር ግን መቀባበል ለእኛ እንግዳ ነውን? በሠርግ ቤት አውራጁ ሲያወርድ፥ ተቀባዩ በጭብጨባ ሲቀበል ያላደገ ማን አለ?

ማሕሙድ በ1941 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፌዋለሁ) የተወለደው በመርካቶ ነው። ጫማ ጠርጓል፤ በአሪዞና ክበብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራም በ1962 የመዝፈን ዕድል አግኝቶ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገባ። እስከ 1974ም እዚያው ቈየ። ስለዚህ የነሐስ መሣሪያን ከአሜሪካ ሸክላ ሳይሆን ከወታደር ቤት ነው የለመደው።

ሸክላ ማሳተም በ1948 በወጣ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ነበረ። ይህን በ1969 ደፍሮ የጣሰው አምኃ እሸቴ ነው፤ ካይፋም ተከተለው። «ኧረ መላ መላ» በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር ተቀርጾ በካይፋ ወጣ። ጊዜው ግን ክፉ ነበር። አብዮቱ ፈንድቶ ሰዓት እላፊ ታውጇል፤ የሌሊት ጭፈራም ተዳክሟል። በ1978 ገደማ ሸክላም ቀርቶ ካሴት ተተካ፤ ዘፈኑም ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ በየሱቁና በየቤቱ ገባ።

እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ከዚህ ዐይነቱ ካሴት ነው። አጎቴ በምናለሽ ተራ አጠገብ ሱቅ ነበረው፤ በሱቁም አንድ አሮጌ ቴፕ። ካሴቱ ከማርጀቱ የተነሣ ቤዙ ጠፍቷል፤ ሳክስፎኑ ከሩቅ እንደሚሰማ የመኪና ጥሩንባ ሆኗል። የቀረው ድምፁ ብቻ ነው፤ ቃሉን ይዞ የሚንቀጠቀጥ፥ ከአምስቱ የቅኝት ድምፆች ሳይወጣ አንዱን ፊደል ደጋግሞ የሚያርገበግብ ድምፅ። በኋላ፥ ኮሌጅ ከገባሁ ወዲያ፥ ዘፈኑ አሜሪካዊ ነው ብዬ ብነግረው አጎቴ እንደ ቀልድ ቈጥሮ ሣቀብኝ።

የብሩክሰሉ ክራምድ ዲስክስ ዘፈኑን በ1986 ለውጭ አገር አድማጭ አሳተመው፤ በ1999ም በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ የኢትዮፒክስ 7ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ። የኮሌጅ ጓደኞቼ የሚያውቁት ይህን የጠራውን ነው፤ በዚህም ቤዙ ከፊት ተሰልፎ ይሰማል። ውለታው ትልቅ ነው፤ ያለ እነርሱ የብዙው ሸክላ ድምፅ በጠፋ ነበር። ዳሩ ግን ቤዙን አስቀድሞ የሰማ ሰው ሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰማሁ ይላል፤ ድምፁን አስቀድሞ የሰማ ሰው ግን የለቅሶና የሠርግ ቤት ዜማ ይታወሰዋል። ክርክራችን ስለ ዘፈኑ መስሎን ሳለ፥ እስከ አሁን የቈየው ስለ ቅጂው ነበረ። እኔ ለአጎቴ ካሴት እፈርዳለሁ፤ የሚጠራጠር ቢኖር ቤዙን ቀንሶ ያድምጥ።