ያገለገለ መፈልፈያ በምን ይታወቃል?

ያገለገለ የእሸት ቡና መፈልፈያ ገዥን የሚያስቸግረው ሥራ ፈትቶ ሳለ ስለሚሸጥ ነው። መኪና ቢሆን አስነስተው አንድ ዳገት ያስወጡታል። መፈልፈያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገበያ የሚወጣው እሸት በሌለበት ወር ነው፤ ባዶውን ሲሽከረከር ደግሞ የማያምር የለም። ቀለሙ አዲስ፣ ድምፁ ለስላሳ፤ ሻጩም “ገና ምኑ ተነክቶ!” ይላል።

ከቴፒ እስከ ሚዛን ተፈሪ፣ ከዚያም አልፎ እስከ በበቃ ባለው የቡና አገር ተሳስቶ መግዛት ዋጋው ከባድ ነው። ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ሙቀትና ርጥበት አለ፣ ዝናቡም ቶሎ አይለቅም። እሸት በጆንያ ታጭቆ ካደረ መፍላት ይጀምራል፤ ስለዚህ ቀን የተለቀመው ማታውን መፈልፈል አለበት። ሙሉ ፍሬውን ጀንፈል አድርጎ በአልጋ ላይ ማድረቅ ሦስት አራት ሳምንት ሲወስድ፣ ተፈልፍሎ የታጠበው በሁለት ሳምንት ገደማ ይደርሳል። ሰማዩ በማይታመንበት አገር ይህ ልዩነት ቡናን ከሻጋታ ያድናል። አቅም ያለው ከኮሎምቢያ የሚመጣውን፣ ውኃ ቆጣቢውን ፔናጎስ ያስገባል። የቀረው ማኅበርና ነጋዴ ግን አጋርድ የሚባለውን የዲስክ መፈልፈያ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላል። እዚህ የማወራው ስለዚህኛው ነው።

የማሽኑ አሠራር ቀላል ነው። ፊቱ ላይ ጉብጉብ ያለበት ዲስክ እየዞረ እሸቱን ከቋሚ ብረት ጋር ያጣብቀዋል፤ ቀዩ ልጣጭ ይቀደድና ፍሬው ተንሸራቶ ይወጣል። ቀጥሎ ከዲስኩ እጅግ ተጠግቶ የቆመ ሌላ ብረት አለ፦ ልጣጩ በዚያ ጠባብ ክፍተት ከዲስኩ ጋር ተጎትቶ ያልፋል፣ ፍሬው ስለማይችል ወደ ውኃው ቦይ ይመለሳል። እንግዲህ የማሽኑ ጥበብ ሁሉ ያለው በሁለት ክፍተቶች ውስጥ ነው። ሞተሩ፣ ቋሚው፣ ላሜራው፣ ቀለሙ የእነዚህ ሁለት ክፍተቶች አገልጋይ ነው። ገዥዎች ግን ለሞተሩ አንድ ሰዓት ሰጥተው ዲስኩን በጨረፍታ አይተው ሲሄዱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ዲስኩን በጣት ይዳብሱት። ጉብጉቡ በዙሪያው ሁሉ እኩል ካለቀ ማሽኑ ብዙ ሠርቷል ማለት ነው፤ ያ ነውር አይደለም፣ ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ። በአንድ ወገን ብቻ አልቆ በሌላው ስል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወይ ዘንጉ ጎብጧል፣ ወይ ኩሽኔታው ላልቷል፣ ወይ ዲስኩ ራሱ ተጣሟል። ይህን የሚለየው ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ሚስማር ከማሽኑ አካል ጋር አጥብቀው አስረው ጫፉን ወደ ዲስኩ ፊት ያስጠጉትና ፑሌጃውን በእጅ ቀስ አድርገው አንድ ዙር ያዙሩ። በሚስማሩና በዲስኩ መካከል ያለው ብርሃን እየሰፋና እየጠበበ ከሄደ፣ ጉድለቱ ሳይነሣ የትኛውም መካኒክ የዚያን ማሽን ክፍተት ሊያስተካክል አይችልም። የጠበበው ቦታ ላይ ቢያስተካክል በሰፊው በኩል ሳይፈለፈል ያልፋል፤ በሰፊው ላይ ቢያስተካክል በጠባቡ በኩል ፍሬ ይቆርጣል። ዘንግ በቶርኖ ቤት ይቃናል፣ ኩሽኔታ ይቀየራል። የተጣመመ ዲስክ ግን ሲላጥ ጉብጉቡም አብሮ ስለሚሄድ ሌላ ዲስክ መግዛት ነው።

ብየዳ ላይ ጭፍን መሆን አያስፈልግም። እግሩና ቋሚው ቢበየድ ምን ክፋት አለው? ዲስኩ ወይም ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ጊዛ ተሰንጥቆ ከተበየደ ግን ይተውት። ጊዛ ከብየዳው አጠገብ እንደገና መሰንጠቅ ይወዳል፤ የሚሰነጠቀውም እሸት በበዛበት ሌሊት ነው። ቀለምን በተመለከተ የእኔ ፍርድ ከገበያው ተቃራኒ ነው። የማስተካከያ ቡሎኖቹ ከነዳዷቸው በቀለም ከተለበዱ፣ ማሽኑን ያሳመረው ሰው ክፍተቱን ነክቶት አያውቅም። አካሉ የተላላጠ፣ የቡሎኖቹ ጥርስ ግን በግራሶ የሚያብረቀርቅ ማሽን ሳይ ልቤ ይረጋል፤ አንድ ሰው በየሳምንቱ ሲያስተካክለው ኖሯል።

አሁን ማሽኑ ተገዝቶ የቡና ማጠቢያ ጣቢያው ደረሰ እንበል። የተከላ ሥራ የሚመዘነው ከመሬቱ ጀምሮ ነው። ሲሚንቶው ውኃ ልክ ካልሆነ እሸቱ ወደ አንድ ጎን ይከማቻል፤ ባለ ሦስት ዲስክ ቢሆን አንዱ ሲታነቅ ሌላው ይራባል። ቀጥሎ የሞተሩና የማሽኑ ፑሌጃዎች በአንድ መስመር መቆማቸው በሲባጎ ይታያል፤ ሲባጎው በሁለቱም ፊት ላይ ያለ ክፍተት መተኛት አለበት። ጠማማ የቆመ ፑሌጃ ቺንጋ ይበላል፣ ኩሽኔታ ያሞቃል፣ በመጨረሻም ዘንጉን ስቦ ያንን በመከራ የተስተካከለ ክፍተት ያዛባል።

ፍጥነትም አለ። የተለመደው የኤሌክትሪክ ሞተር በደቂቃ 1,450 ዙር ግድም ይዞራል፤ ዲስኩ የሚፈልገው ከመቶ ጥቂት አለፍ ያለ ብቻ ነው። ያገለገለ ማሽን ሞተሩ ተቀይሮ ፑሌጃው የድሮው ሆኖ ሲመጣ ያጋጥማል። ሻጩ ይህንን “ፈጣን ነው” ብሎ ያመሰግነዋል! ፈጣን ዲስክ ፍሬ ይፈነክታል።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍተት ማስተካከል ነው፤ መካኒክ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ጀማሪው ከጠባብ ይጀምርና ሲቆርጥበት ያላላል። ሙያተኛው ከሰፊ ይጀምራል፤ የበሰለ ቀይ እሸት እያስገባ ሁለቱን ቡሎኖች እኩል፣ ጥቂት በጥቂት ያጠብቃል። በእያንዳንዱ ዙር ማሽኑን ትቶ ከቦዩ አንድ እፍኝ ያነሣል። “ጋሼ፣ ይበቃል?” ሲሉት እጁን እንጂ ማሽኑን አያይም። ሳይፈለፈል የሚያልፈው ጥቂት ሲሆን ያቆማል፤ ጨርሶ እስኪጠፋ አያጠብቅም። ያለፈው እሸት ተመልሶ ሊገባ ይችላል፣ የተቆረጠ ፍሬ ግን አይመለስም። ለእኔ ጥሩና መጥፎ ተካይ የሚለያዩት በዚች መታገሥ ነው።

እፍኙን ማንበብ እንዲህ ነው። ስስ ሽፋኑን የለበሰው ፍሬ፣ ነጋዴው ፓርችመንት የሚለው፣ በዝልግልግ ተሸፍኖ ሙሉ ሆኖ መውጣት አለበት። ጥቂት ውኃ አፍስሰውበት ወደ ፀሐይ ያዙሩት። ጫፉ የተነከሰ፣ ሽፋኑ ተገፎ ራቁቱን የቀረ፣ መሐሉ የተሰነጠቀ ካለ ነጥለው ይቁጠሩ። ኮሎምቢያውያን ከሚፈለፈለው የተጎዳው ፍሬ ከግማሽ በመቶ እንዳይበልጥ፣ ያልተፈለፈለው ከአንድ፣ ልጣጩ ደግሞ ከሁለት በመቶ እንዳያልፍ ይጠብቃሉ። ለእኛም ጣቢያ የሚበዛ መለኪያ አይደለም። የተነከሰ ፍሬ ማብላያ ገንዳ ውስጥ ሲቆይ መፍላቱ በቁስሉ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲደርቅ ቁስሉ ይጠቁራል፣ ሲቆላ ይሸታል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ደረጃ ሲወጣ ከመቶው 40ው በጥሬው መልክና ጉድለት፣ 60ው በስኒ ጣዕም ነው የሚታየው፤ አንድ መጥፎ ክፍተት ሁለቱንም ይነካል።

ልጣጩንስ? ከቦዩ ይልቅ የልጣጩ ክምር እውነት ይናገራል፤ የሚያሳምረው የለማ። እጅዎን እስከ ክንድ ይክተቱና አንድ እፍኝ አውጥተው ይጭመቁ። ጠንካራ ነገር ካገኙ፣ ሁለተኛው ክፍተት ሰፍቶ ፍሬ ከልጣጩ ጋር እየሄደ ነው። በቦዩ የሚወጣው ፓርችመንት በጣም ንጹሕ ሆኖ ባለቤቱ ሲደሰት፣ ገንዘቡ ከኋላ እየተጣለ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን ማሽኑ ላይ አይጫንበት። አረንጓዴ እሸት ይጨፈለቃል እንጂ አይፈለፈልም፤ የደረቀውም አይላጥም። ለቀማው ያልተመረጠበት፣ ተንሳፋፊው በውኃ ያልተለየበት እሸት አስገብቶ መካኒክ መውቀስ ግፍ ነው። ለሙከራ ቀይ ብቻ ይልቀሙ።

ቀይ እሸት ሁሉ ደግሞ አንድ ልክ አይደለም። ከሸኮ ጫካ የሚመጣው የደን ቡና ፍሬው አነስ ይላል፤ ተተክሎ ከሚንከባከቡት ማሳ የሚመጣው ደግሞ ደልበል ይላል። ለአንዱ የተስተካከለ ክፍተት ሌላውን ወይ ይቆርጣል ወይ ያሳልፋል። ስለዚህ “ጨርሻለሁ፣ እንዳትነኩት” ብሎ ዳዶውን ጨምቆ የሚሄድ መካኒክ ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። ሙሉውን የሠራው በቡሎኑ ራስና በአካሉ ላይ በሞረድ ምልክት ይቆርጣል፤ አንዱ ለደን ቡና፣ አንዱ ለማሳ ቡና። ከዚያ የሌሊቱን ኦፕሬተር ጠርቶ በገዛ እጁ አስፈትቶ፣ በገዛ እጁ እንዲመልስ ያደርገዋል።

በእጅ የሚዞረው ትንሹ ባለ ከበሮ መፈልፈያ ብዙ ማለት አይፈልግም። ከበሮውን የሸፈነው የመዳብ ላሜራ ጥርሱ ከቆመ፣ ከበሮው ሲዞር ከፊቱ ያለውን ብረት አንድም ቦታ ካልነካ ደህና ነው። ላሜራው ቢያልቅ ይቀየራል።

የመካኒኩን ሒሳብ በሁለት ይክፈሉ። የመጀመሪያው ተክሎ ሲያስረክብ፣ ሁለተኛው እሸት ከገባ ከሳምንት በኋላ። በዚያ ሳምንት አዲስ ቺንጋ ይለጠጣል፣ ሲሚንቶ ላይ የታሰረ ቡሎን ይላላል፤ ሥራ ላይ እንዳለ ኩሽኔታው አጠገብ መዳፍ ሲያስቀምጡ እጅ የማያስቆይ ከሆነ የሚያጣብቀው ነገር አለ። ተመልሶ መጥቶ ሲባጎውን እንደገና ይዘርጋ፣ ሚስማሩን እንደገና ያስጠጋ፣ ከቦዩም ከልጣጩም አንድ አንድ እፍኝ ያንሣ። ቀሪውን የሚቀበለው ያኔ ነው።